አምስተኛው ቋጠሮ

ልጄ ከትምህርት ቤት የታዘዘችው ቀላል ነገር ነበር፤ ከቤት አንድ አሮጌ ዕቃ ወስዳ ታሪኩን ለክፍሏ ልጆች መንገር። እኔ ግን እንደ ልማዴ አከበድኩት። ብርጭቆው ይሰበርባታል፣ መቀሱ ይወጋታል፣ የአያቷ ፎቶ በመንገድ ይጠፋባታል እያልኩ ያነሣችውን ሁሉ ከእጇ ስቀማ ቆየሁ። በመጨረሻ ተናዳ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ እስከ ወገቧ ገባችና አንድ ደብተር ይዛ ወጣች።

«ይሄስ ይሰበራል?» አለችኝ።

ከፈተችው። ገጹን አገላበጠችው።

«እማዬ፣ ምንም አልተጻፈበትም እኮ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

 እኔ ፊደል በወጉ መቁጠር የጀመርኩት ካቻምና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ልጄ በምትማርበት ክፍል፣ እሷ ከተነሣችበት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። ደብተሩን የሠራልኝ አጎቴ ነው። በዕድሜዬ ከተሰጡኝ ነገሮች ሁሉ የምሳሳው ለሱ ነበር። ሳገባ ይዤው ሄድኩ፤ ቤት ስንቀይር ለጫኚዎቹ አልሰጠሁም፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ አንዲት መስመር እንኳ አላሰመርኩበትም።

ያን ቀን ግን የደብተሩ ልባስ እንደ በፊቱ አልነበረም። በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ ውኃ ገብቶበት አብጧል። ጠርዙ ተሰንጥቆ ወረቀቱ በየንብርብሩ ተላቅቋል። ከንብርብሩ መሃል አንድ የእጅ ጽሑፍ ብቅ ብሏል።

ልጄ በጥፍሯ ልትስበው ስትል እጇን ያዝኩ።

«ተይው» አልኳት። «ይሄን የማነበው እኔ ነኝ።»

ደብተሩ በተሠራልኝ ዘመን አሥር ዓመቴ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ እሱ ግቢ ገባን። እናቴ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ እኔ ከአጎቴ ጋር ሱቅ እውላለሁ።

በዚያ ዘመን ካርቶን የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አጎቴ የመጽሐፍ ልባስ የሚሠራው አሮጌ ወረቀት በአሮጌ ወረቀት ላይ እየለጠፈ ነበር። አሥራ ሁለት ወረቀት ተደራርቦ፣ በመጭመቂያ ታስሮ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ወረቀቱ የሚመጣው ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ነው። መዝገባቸውን እኛ ዘንድ ያስጠርዛሉ፤ የማይፈልጉትን ወረቀትም በጆንያ ይሰጡናል። ለጣፊዋ እኔ ነኝ። ዱቄት በውኃ አፍልቼ ሙጫ እሠራለሁ፣ በብሩሽ እቀባለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ከሥሩ የቀረውን አየር በመዳፌ እየገፋሁ አስወጣለሁ። ሙጫ ከጣቶቼ ስለማይጠፋ አጎቴ «ሙጬ» ይለኝ ነበር። ሰፈሩም ስሜን ረስቶ ሙጬ አለኝ።

ከእኔ በፊት ሌላ ለጣፊ ነበረው። አጎቴ ያን ሰው ባማ ቁጥር ደንበኛ ይስቃል።

«እያንዳንዷን ወረቀት ሳያነብ አይለጥፍም ነበር እኮ! ጠዋት አንድ ልባስ ከጀመረ ምሳ ሰዓትም እዚያችው ላይ ነው። ‹እንዲህ ብለው ጽፈዋል›፣ ‹ጉድ እኮ ነው›፣ ‹እዩልኝ እስቲ›! የሙጬ እጅ ግን ወርቅ ነው። ወረቀት ለሷ ወረቀት ነው።»

ይህን ሲል ደረቴ ይነፋል። ሙገሳ መስሎኝ። ለነገሩ ሙገሳ ነበር፤ የተሞገሰው ግን እጄ ሳይሆን ማንበብ አለመቻሌ መሆኑን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

በግቢያችን የኋላ ክፍል መምህርቷ ተከራይታ ትኖር ነበር። የእጅጌዋ ጫፍ ሁልጊዜ ጠመኔ ነው። ስታስነጥስ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አምስት ስድስቱን ክፍሏ ሰብስባ ያልገባቸውን ታስረዳቸዋለች። በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ ማስተማር ክልክል ነበር። ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ልጁንም ሁሉም ይልካል።

አንድ ቀን ልባሶቼን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ሙጫው እስኪደርቅ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠብቃለሁ፣ እትዬ።»

«እኔም ሥራ የለኝም። አብረን እንጠብቅ።»

ከኪሷ ጠመኔ አወጣችና ደረጃው ላይ «ሀ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ልባስ ባሰጣሁ ቁጥር ትመጣለች። አንድ ደረጃ ለአንድ ቤት ነበር። የታችኛው የ«ሀ» ነው፣ ሁለተኛው የ«ለ»። ከ«መ» ስንደርስ አጎቴ በሱቁ በር ቆሞ ሲያየን አየሁት። ፈገግ አልኩለት። እሱም ፈገግ አለ።

በሳምንቱ መምህርቷ ሱቅ ገባች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሙጫ እያማሰልኩ ነበር፤ የማየው ጫማዎቻቸውን ብቻ ነው።

«ትምህርት ሲከፈት ላስመዝግባት ብዬ ነው። የሚያስፈልጋትን እኔ እችላለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«እሷ እኮ ሥራ አላት፣ እትዬ።»

«ልጅ ናት እኮ!»

«ልጅ መሆኗን እኔም አላጣሁትም። ግን ይቺ እጅ ከሄደች ሌላ ከየት አመጣለሁ? እነዚያ ሰዎች ወረቀታቸውን ዝም ብለው የሚሰጡኝ ይመስልሻል?»

 የመምህርቷ ጫማ ግን ወደ በሩ አልዞረም።

«እሺ» አለ አጎቴ ቆይቶ። «እናያለን።»

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሺ ብሏላ! በዚያው ቀን አንዲቱን ደህና ቀሚሴን እናቴ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳጥብ አገኘችኝና «የምን ድግስ ተጠራሽ?» አለችኝ። ትልቅ ሰው «እናያለን» ሲል አይሆንም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ለልጄ በቀን አምስት ጊዜ እላታለሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ አጎቴ ሥራ አልሠራም። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ረፈደ። አንዱን ወረቀት ሠረዘ፣ ደለዘ፣ ከዚያ ጨብጦ ወደ ቅርጫቱ ወረወረው። በሌላ ወረቀት ላይ እንደገና ጀመረ። እኔ ወረቀት አንሶኝ ስለነበር ከቅርጫቱ አንሥቼ አፍታታሁት።

«ጋሼ፣ ይሄም ይለጠፍ?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ለጥፊው። ወረቀት ወረቀት ነው።»

ሙጫ ቀባሁት። በመዳፌ አለሰለስኩት። በላዩ ሌላ ለጠፍኩበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተጠረዙ ሦስት መዝገቦች በሲባጎ አስሮ አሸከመኝ። «ለኃላፊው፣ በእጁ። ለሌላ ለማንም እንዳትሰጪ፣ ሰማሽ?»

መንገዱን ተሻገርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ክፍል የጫማ ቀለምና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ድሮ ስመጣ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት እንደቆመ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከሥሩ የተንጠለጠለው ናስ ወዲያ ወዲህ እያለ ቷ፣ ቷ ሲል አፌን ከፍቼ አየሁት። ኃላፊው ሲባጎውን ፈታ። የላይኛውን መዝገብ ወደ ጎን አደረገና በቀጥታ የመሃለኛውን ከፈተ። ከውስጡ አንድ ፖስታ አወጣ።

«የማታነበዋ ልጅ ይቺ ናት?» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ጸሐፊ ጠየቀው።

«ራሷ ናት።»

ራሴን ዳበሰኝና ከረሜላ ሰጠኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። በጣም የተከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው መምህርቷን ወሰዷት። ጫማዋን ለማሰር እንኳ አላስቀመጧትም። በአጠገቤ ስታልፍ «ከ‹መ› ቀጥሎ ‹ሠ› ነው» አለችኝ፤ ሌላ የምትለው ነገር የጠፋት ይመስል። ከዚያ በኋላ ዓይኔ አላያትም። ከዓመታት በኋላ «ተፈትታለች» የሚል ወሬ ሰማሁ፤ የት እንደገባች ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

በቧንቧው አጠገብ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ።

«የጠቆመባት ሰው አለ።»

«ሩቅም አይደል። ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የገባ ሰው ነው።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ልብስ ትጨምቃለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያን ጊዜ ያላዘነች መስሎኝ በልቤ ተቀየምኳት። አሁን ሳስበው ከእኔ በቀር ግቢው ውስጥ ሁሉም የጠረጠረው አንድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ደግሞ የምትተኛው በዚያ ሰው ጣሪያ ሥር ነበር።

እኔ ግን አገኘዋለሁ አልኩ። መለጠፊያ ቦታዬ ፊቱ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ፊት ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ በር ነው። ያን ሳምንት የገቡትን ሁሉ አይቻለሁ። መጻፍ ስለማልችል የመጠረዣ ክር ወስጄ በላዩ እየቋጠርኩ መዘገብኳቸው። ዳቦ ሻጭዋ፣ አንድ ቋጠሮ፤ ቅርጫቷን ይዛ ገባች፣ ይዛ ወጣች። ፖስተኛው፣ አንድ። ጉንጩ ያበጠው ዘበኛ፣ አንድ። አራተኛውን ቋጠሮ ግን ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት።

አራተኛው ሰዓት ሠሪው ነበር። ሰፈሩ «አንድ ደቂቃ» ይለዋል፤ ሰዓቱን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «አንድ ደቂቃ ብቻ ታገሠኝ» ተብሎ ሳምንት ስለሚመላለስ። ሐሙስ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አቅፎ ሲገባ አይቼዋለሁ። ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር።

አስቡት። ጋዜጣው ውስጥ ያለውን ነገር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ላይ ሲወዛወዝ፣ ቷ ቷ ሲል፣ አፌን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ግን አላገናኘኋቸውም። የገባውንም የወጣውንም ሁሉ ቆጥሬ፣ ሦስት መዝገብ ተሸክማ የገባችውን አንዲት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልቆጠርኳትም።

ክሩን ይዤ ወደ አጎቴ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት! አንድ ደቂቃ ነው!»

አጎቴ በወስፌ መዝገብ እየበሳ ነበር። ወስፌው ቆመ። ስለ ክሩ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ባዶው እጅ ነገርኩት። አንድ በአንድ ሰማኝ። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

«ሌላ ሰውስ ሲገባ አላየሽም?» አለኝ በቀስታ።

«ሌላ ሰው የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቴ ትሙት!»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ። በይ፣ ይሄንን ለማንም እንዳትናገሪ።»

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያኔ ገርሞኛል፤ ወሬ ራሱ እግር ያለው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስቆጥረው የነገርኩት ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሰዎች የተሠራውንም ያልተሠራውንም ሰዓታቸውን ከሰዓት ሠሪው እየነጠቁ ወሰዱ። የሱቁን መስታወት ጭቃ ቀቡት። በአራተኛው ቀን ሰዓት ሠሪው ወደ ሱቃችን መጣ። የማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ረስቶታል።

«አንተ ታውቀኛለህ» አለው ለአጎቴ። «አሥራ አምስት ዓመት ጎረቤትህ ነኝ። አንድ ቃል ብትናገርልኝ ሰው ይሰማሃል።»

«የሰው አፍ በምን ይያዛል ወንድሜ?» አለ አጎቴ። «እኔ ያልኩት ነገር የለም።»

ሰዓት ሠሪው ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ደቂቃ...» ከማለቱ ብሩሹን ጥዬ በጓሮ በር ሮጥኩ። ምን ሊለኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። በሳምንቱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሄደ። ጋሪው ጥጉን እስኪዞር ድረስ የሰዓቶቹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እኔ እንደ ድል አድራጊ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።

ትምህርት ሲከፈት ቀሚሴን ለበስኩ። ወዴትም አልሄድኩም። ስነፋረቅ አጎቴ ከመደርደሪያው አንድ ልባስ መረጠ፤ በዚያ ረቡዕ የለጠፍኩትን። ንጹሕ ወረቀት ሰፋበት፣ ጀርባውን ቀይ ጨርቅ አለበሰውና ሰጠኝ።

«ያንቺ ነው። መጻፍ ስትችዪ ትጽፊበታለሽ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አራት ቋጠሮ ያለውን ክር በደብተሩ መሃል አደረግኩት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ለጠፍኩለት።

ወረቀቱን በእንፋሎት እያራስኩ ከልባሱ ለማላቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለማንበብ ደግሞ ሦስት ቀን። የእጅ ጽሑፍ ገና ያስቸግረኛል። አንብቤ ስጨርስም የሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። እንዲሆንልኝ ተመኘሁ። ከአባቴ በኋላ ያሳደገኝ እሱ፣ በሠርጌ ቀን እጄን ይዞ የሸኘኝ እሱ። አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ «የኔ አይደለም» እንዲለኝ። ቢለኝ አምነው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድሮው ሱቅ ሄድኩ። የአጎቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በየቅዳሜው ልጄ ጋዜጣ ታነብለታለች፤ «የዚች ልጅ ምላስ ወርቅ ነው» ይላታል። ያን ቀን ደረጃው ላይ እንድትጠብቀኝ ነግሬያት ብቻዬን ገባሁ።

«ዛሬ የማነብልህ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! በእርጅናሽ?»

«ተምሬያለሁ።»

«ሙጬ! እውነትሽን ነው? በይ፣ በይ አሰሚኝ እስቲ።» ወንበሩን ሳበ፤ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ከልቡ።

ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። «ለ... ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። በግቢዬ የኋላ ክፍል የተከራየችው ሴት... ያለ ፈቃድ... ልጆች ሰብስባ... ታስተምራለች።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ወረደ።

«ከሁሉ የሚያሳስበኝ... የእናንተን ወረቀት የምትለጥፈውን... የእኅቴን ልጅ... ፊደል ማስቆጠር መጀመሯ ነው። ልጅቷ ማንበብ ከቻለች...»

ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለው የለም፤ ሙጫው በልቶታል፣ ወረቀቱም ሲላቀቅ ተቀዷል። ያንን ግን አልነገርኩትም።  እሱ ያቃተኝ መስሎት መሆን አለበት፤ ተማሪ ሲደናቀፍ እንደሚረዳ ሰው፣ በቀስታ፣ ቃል በቃል ጨረሰልኝ።

«‹...ለእናንተም ለእኔም አትሆንም።›»

ያለውን ራሱ ሲሰማው ያዘነበለውን ጆሮ መለሰ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሰጠኸኝ ደብተር። ‹ወረቀት ወረቀት ነው› ብለኸኝ ነበር።»

እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም።

«ሰዓት ሠሪውስ፣ ጋሼ?»

«እሱን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ ቶሎ። «እኔ ስሙን አላነሣሁም። አንቺ ነሽ ያልሽው።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጥሩ እጅ ነበረሽ፣ ሙጬ። ምን ላድርግ?»

  ወረቀቱን አጥፌ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ልጅቷን ግን ቅዳሜ ትልኪያታለሽ፣ አይደል?»

«እናያለን» አልኩት።

ልጄ ደረጃው ላይ፣ ከ«ሀ» ቤት ላይ ቁጭ ብላለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እርሳሷን ተዋስኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ። በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ አነበበችው።

«‹ሰዓት ሠሪው አልነበረም።› ማነው ሰዓት ሠሪው? ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሙጫውን፣ ፖስታውን፣ ከረሜላውን ጭምር። የሸሸግኳት የለም። ከደብተሩ መሃል ክሩን አወጣሁ። ቢጫ ሆኗል፤ አራቱ ቋጠሮዎች ግን እንዳሉ ናቸው። በጣቷ ቆጠረቻቸው፤ ዳቦ ሻጭዋ፣ ፖስተኛው፣ ዘበኛው፣ ሰዓት ሠሪው። ከአራተኛው ቀጥሎ አምስተኛ ቋጠርኩ። ጠበቅ አድርጌ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አልኳት።

ክሩን ይዛ ብዙ አየችው። ወደ ሱቁ በር ቀና አለች፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ ክሩ።

«የጋሼስ ቋጠሮ የታለ?»

«የለውም» አልኳት። «እሱ መንገዱን አልተሻገረም። የላከው እኔን ነው።»